የጋሼ ተድላ ቴስተርና የእኔ ሎሚ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። የማያስፈልጋችሁን፣ አጠቃቀሙንም የማታውቁትን ዕቃ፣ ወሬ እንዲያምርላችሁ ብቻ ብላችሁ ከሰው ቤት ተውሳችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ጤነኞች ናችሁ። እኔ ግን ተውሻለሁ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ሰዎች እኔን ሳያዩ መተረታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ የተጀመረው ጋሼ ተድላ ቤት ነው። ጋሼ ተድላ የሰናይት አባት ናቸው። ሰናይት ደግሞ ላገባት የምፈልጋት፣ እሷም ምን እንደታያት እንጃላት እንጂ እኔን ለማግባት የተስማማች ነርስ ናት። እኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የምሠራ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር የቀረኝ፣ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ የምውል ሰው ነኝ። በመካከላችን የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ። «ብቻ» ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ተድላ አገር ቤት ሳሉ የስልክ መስመር ቴክኒሺያን፣ እዚህ ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰው ሲያናግሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሽቦው የት ጋ እንደተበጠሰ እንደሚፈልግ ሰው ነው የሚያዩት።

ያን ቀን ሰናይት ፒኮ ሮበርትሰን ያለው ቤታቸው ይዛኝ ሄደች። «ጓደኛዬ ነው» አለችና ሻይ ላፍላ ብላ ኩሽና ገባች። እኔና ጋሼ ተድላ ተፋጠጥን። ዓይኔ መሸሻ ሲፈልግ መደርደሪያው ላይ አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘ። የቆዳ ማንጠልጠያ አለው፤ ፊቱ ላይ መስታወትና ቀጭን መርፌ፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ ሽቦ የሚታሰርባቸው አምስት የናስ ብሎኖች አሉት። «ጋሼ፣ ይሄ ቴስተር ነው?» አልኳቸው። ዐዋቂ ሆኜ አይደለም፣ ላዩ ላይ ተጽፏል።

ፊታቸው በራ። ሣጥኑን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ ኤሌክትሪክ መለኪያ ነው ብለው ስለ ቮልት፣ ስለ ኦም፣ ስለ መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። እኔም አንድ ሰዓት ሙሉ ራሴን ነቀነቅሁ። እዚህ ላይ ሻዬን ጠጥቼ ብወጣ ምን ነበረበት? አፌ ግን አያርፍም። የአፓርትመንቴ ሶኬት እሳት እንደሚተፋ፣ ቢያውሱኝ ለክቼ እንደማየው ነገርኳቸው። ጋሼ ተድላ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«አደራ።»

ዕቃው ብቻውን ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። አደራው ሲጨመርበት ግን ደረጃውን የወረድኩት እያለከለክሁ ነው።

ታዲያ ለካሁ? አልለካሁም። በምን ዕውቀቴ። ሶኬቱ ላይ ሶፋ አስጠጋሁበትና ተረሳ፤ ቴስተሩም አልጋ ሥር ገባ። አንድ ወር ሲሆነው ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ። ሁለት ወር ሲሆነው ለመመለስ አፈርኩ። ሦስት ወር ሲሆነው ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። የሰው ዕቃ ሲቆይ እንደሚከብድ የተዋሰ ያውቀዋል። ጋሼ ተድላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ መጥተው ማኪያቶ ይጠጣሉ። እሳቸው በእግረኛው መንገድ ብቅ ሲሉ እኔ ከቲኬት ቤቴ ውስጥ ጎንበስ እላለሁ። አንድ ቀን እንዲያ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ በመስኮቱ እጇን አስገብታ የመኪናዋን ቁልፍ አናቴ ላይ አስቀምጣልኝ ሄዳለች።

አራት ወር በሞላው በአንድ ሐሙስ ጋሼ ወርቁ ደወሉልኝ። ጋሼ ወርቁ ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ሽማግሌዎቼን የሚመሩልኝ እሳቸው ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው ሰናይትን ሊጠይቁልኝ ጋሼ ተድላ ቤት እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ወጉ ጠየቁኝ፤ ከሰውየው ጋር ቂም፣ የተነካካ ነገር፣ በኋላ አንገት የሚያስደፋን ጉዳይ አለ ወይ? ኧረ ምንም የለም አልኩ። ስልኩን ስዘጋ የተቀመጥኩት አልጋዬ ላይ ነበር። ከሥሬ ያለው ነገር ትዝ ሲለኝ ዘልዬ ተነሣሁ።

አስቡት እስቲ። የሰውየውን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሲገቡ፣ መደርደሪያው ላይ የቴስተሩ ቦታ ባዶውን አፉን ከፍቶ ይታያል። የሰጡትን ሣጥን ያልመለሰ ሰው ልጅ ስጡኝ ይላል?

ዓርብ ረፍቴ ነው። ጠዋት ቴስተሩን አውጥቼ ፎጣውን ገለጥኩ። አምስቱ ብሎኖች ጠቁረዋል። ጥጋጥጋቸው ደግሞ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። እንዲህ ሆነው ነው የተቀበልኳቸው ወይስ እኔ አልጋ ሥር ነው እንዲህ የሆኑት? ባስታውስ ባስታውስ አልመጣልህ አለኝ። ያን ቀን ሳያቸው ያብለጨለጩ ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝና አልሄድ አለ።

ሌላም ነገር አለ። እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ሽሮ የመጣበት ሳህን ሲመለስ ቢያንስ ሁለት ሎሚ ይቀመጥበታል። ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ቴስተር ላይ ደግሞ ዳቦ አይደረግ። ሶ፣ ሳስበው ሳስበው፣ ናሱን እንደ መስታወት አድርጌ ብመልሰው አራት ወር የቆየው ለዚህ ነው ያሰኝልኛል አልኩ። ይህን ሐሳብ ሳገኝ ራሴን አደነቅሁ። ራሴን ያደነቅሁበት ቀን ሁሉ መጨረሻው አያምርም።

አብሮኝ የሚኖረው መኬ ታክሲ ነጂ ነው። በበዓል ዋዜማ የቤተ ክርስቲያኑን ጽናጽልና መስቀል የሚወለውለው እሱ ስለሆነ በናስ ጉዳይ ራሱን እንደ ሊቅ ነው የሚቆጥረው። ብሎኖቹን አየና መድኃኒቱ ቀላል ነው አለኝ። ሎሚና ጨው ውስጥ አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በአመድ ማሸት። ለመስቀል የበቃ ነገር ለሣጥን ያንሳል ወይ ብሎም ጠየቀኝ። እኔም አያንስም ብዬ አመንኩ።

ሎሚውስ ሞልቷል፤ አመድ ከየት ይምጣ? በዚህ ከተማ ተራራው ሲቃጠል አመድ ከሰማይ ይዘንብባችኋል፣ ስትፈልጉት ግን አንድ ማንኪያ የለም። ጊቢያችን ውስጥ ጎረቤታችን ሥጋ የሚጠብስበት ምድጃ አለ። ጎንበስ ብዬ በሻይ ማንኪያ አመድ ስዝቅ ሰውየው በመስኮት ያየኛል። እጄን አወዛወዝኩለት። እሱም አወዛወዘልኝ፣ ግን መጋረጃውን ዘጋ።

መኬ ካቻቪቴና ፒንሳ አቀብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ብሎኖቹን ፈታሁ። እያንዳንዱ የሚጠብቅበት ዳዶ አለው፤ ከዳዶው ሥር ደግሞ ሮንዴላ የምትባል፣ መሐሏ የተበሳ ስስ ክብ ብረት አለች። ሁሉንም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምሬ ሎሚውን ስጨምቅበት ሰናይት ደወለች። እሁድ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሚቀርብ፣ አባቷ ሰሞኑን ዝም እንዳሉ፣ ዝምታቸው ደግሞ ደግ ይሁን ክፉ እንዳልታወቀ ነገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ ጭንቀቴ ስለበዛ ሱፌን ተኮስኩ። አንዴ ከተኮስኩ በኋላ ቀጥ ያላለ መስሎኝ ደገምኩት። ሎሚው ትዝ ሲለኝ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ቢጫ ሆነው ይጠብቁኛል ያልኳቸው ብሎኖች ሮዝ ሆነዋል። የሕፃን ድድ የመሰለ ሮዝ። በአመድ አሸኋቸው፤ ሮዝነታቸው ሳይለቅ ተጫጫሩ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ ናስ ሎሚ ውስጥ ሲቆይ ላዩ ላይ ያለው አንዱ ብረት ይበላና መዳቡ ብቻ ፈጦ ይቀራል የሚል አነበብኩ። ሌላው ኬቻፕ ቀቡት ይላል፣ ቀባሁት። ሌላው የጥርስ ሳሙና ይላል፣ ሞከርኩት። ማዕድ ቤቱ የሃምበርገርና የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ አንድ ላይ ሸተተ። ብሎኖቹ ሮዝ ናቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፍስሼም አልለቀምኩ። ሳጥባቸው አንዱ ዳዶ ከእጄ አምልጦ ሲንኩ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ሥር ድረስ ለማየት መብራት ላብራ ብዬ ማብሪያውን ስጫን፣ ለካ የተጫንኩት የምግብ ትራፊ የሚፈጨውን ዲስፖዛል ነው። ድምፁን ልነግራችሁ አልችልም። ዳዶው ሲወጣ የታኘከ ማስቲካ መስሏል። የብረታ ብረት ሱቅ ሮጬ የተገኘውን ገዛሁ፤ ልኩ ገጠመ፣ ቀለሙ ግን ነጭ ነው። አራት ሮዝና አንድ ነጭ።

መልሼ ገጣጠምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን እያወቅሁ በሩጫ ገጠምኩት። ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሮንዴላ ተርፋለች። ከየትኛው ብሎን ሥር እንደወጣች እኔ አላውቅም፣ እሷም አትናገርም። ሽንኩርት ቢተርፍ ለነገ ይሆናል፤ ከማሽን ላይ የተረፈ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳል። እንግዲህ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ፣ ኢንተርኔቱ እንዳለው ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ከሁለት ሽቦ ጋር ብሎኖቹ ላይ አሰርኩ። መርፌው መንቀሳቀስ ነበረበት። አልተንቀሳቀሰም። ሽቦውን ቀያየርኩ፣ ሣጥኑን መታ መታ አደረግሁ፣ በመጨረሻም በእመቤቴ ስም ለመንኩት። ንቅንቅ የለም። የጋሼ ተድላን ቴስተር ገድዬዋለሁ።

ለሰናይት ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ያጽናናችኝ እንዳይመስላችሁ። ሰማችኝና በሥራ ድምፅዋ፣ በሽተኛ በምታናግርበት ድምፅ፣ «ሶ፣ ምን ልትለው ነው?» አለችኝ። አንቺ ምን ትመክሪኛለሽ ስላት፣ በዚህ ነገር እንደማትገባ፣ ከአባቷ ጋር ራሴ እንድጨርስ ነግራኝ ዘጋችው። ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ እንዲህ ቀዝቅዛብኝ አታውቅም። እሷም ለቴስተር ታዝናለች ማለት ነው አልኩ። መኬ ግን ማታ ሲገባ የሚያስጨንቅ ነገር አልታየውም። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፣ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ «በጣም ሠርቶልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ አስረክብ አለኝ። እኔም አልጠላሁትም። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሕሊናዬ ከሥራ አስፈቅዶ ግሌንዴል ወሰደኝ፤ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ አሉ ብለውኝ ነበር። ሰውየው ብሎኖቹን በማጉያ መነጽር አዩና ምን እንደነካቸው ጠየቁኝ። ሎሚ አልኳቸው። ከጓዳ ሚስታቸውን ጠርተው ለእሷም ንገራት አሉኝ። ሎሚ፣ ጨው፣ አመድና ኬቻፕ ብዬ ዘረዘርኩ። ሴትየዋ ሽንኩርት አልጨመርክበትም ወይ ብላ ከልቧ ጠየቀችኝ። ይክፈቱልኝ ብዬ ስለምናቸው የማን እንደሆነ ጠየቁ። ነገ ልጁን የምጠይቀው ሰው ዕቃ ነው ስላቸው ካቻቪቴያቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከከፈትኩት የገደልኩት እኔ እሆናለሁ አሉና ሣጥኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መኪናዬ ውስጥ ሳልገባ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ተድላ ናቸው። በሕይወታቸው ደውለውልኝ አያውቁም። ነገ እንግዳ እንዳለባቸው፣ ቤቱ በደንቡ እንዲሆን እንደሚፈልጉ፣ ስለዚህ ቴስተሩን ዛሬውኑ እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። እንግዳ የሚሉት የኔኑ ሽማግሌዎች ነው። እሺ ጋሼ ያልኩት ድምፅ የማን እንደሆነ እኔም አላወቅሁትም። ከግሌንዴል እስከ ፌርፋክስ ድራይቭ ሳደርግ «በጣም ሠርቶልኛል» የሚለውን እየተለማመድኩ ነበር። በየቀይ መብራቱ አሻሻልኩት። ፒኮ ስደርስ በወሬዬ ሶኬቱን በሙሉ ለክቼ ጨርሼ ነበር።

ቴስተር ላይ ዳቦ አይደረግም ያልኳችሁ እኔ፣ ከፌርፋክስ ድፎ ዳቦ ገዝቼ ሣጥኑ ላይ ጭኜ ገባሁ። ሰናይት በሩን ከፈተችልኝ፤ ዓይኔን ሳታይ ዳቦውን ተቀብላ ኩሽና ገባች። ጋሼ ተድላ ፎጣውን ቀስ ብለው ገለጡ። መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ነካኳቸው። ነጩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሠራልህ?»

ኩሽና ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው የሳህን ድምፅ ቀጥ አለ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ከግሌንዴል ጀምሮ ያሳደግሁት መልስ ነው። ግን ያ ሽቦ የሚፈልግ ዓይናቸው ላዬ ላይ ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አልለካሁበትም ጋሼ። አጠቃቀሙንም አላውቅም። ገደልኩብዎት።»

አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቁመኝ። አልጋ ሥር መክረሙን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንበስ ማለቴን፣ ሎሚውን፣ አመዱን፣ ኬቻፑን፣ የተፈጨውን ዳዶ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የተረፈችውን ሮንዴላ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሶኬት ያልኩትም ሰበብ እንደነበር፣ የመጣሁት ለሰናይት እንደነበር ተናገርኩ። ይህን እንኳ ባልናገር ይሻል ነበር።

ጋሼ ተድላ ሣጥኑን ገልብጠው የጀርባውን ክዳን በጥፍራቸው ፈልቀቅ አደረጉ። ውስጡ ባዶ ነው። የባትሪው ቦታ ላይ የሸረሪት ድር አለ፣ ሁለት የተቆረጡ ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል።

«ይሄ ዕቃ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል» አሉኝ። «ደህና የነበረው ናሱ ብቻ ነው። እሱን ጨረስክልኝ።»

እፎይታና ንዴት አንድ ላይ ሲመጡ ምን ይደረጋል? ተቀመጥኩ። ጋሼ ተድላም ነገሩን አስረዱኝ። የሚሠራውን ቴስተራቸውን አንድ ቶራንስ የሚኖር ሰው ተውሶ ወስዶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አውሱኝ ላለ ሁሉ የሚሰጡት የሞተውን ነው። አብዛኛው ሰው በማግስቱ መጥቶ ኧረ ጋሼ ይሄ አይሠራም ይላቸዋል፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ተሳስቆ ይሄዳል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን አንድ ሰናይትን የሚፈልግ፣ ጥሩ መኪና የሚነዳ ሰው መጥቶ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን አመስግኖ መለሰ።

«'በጣም ሠርቶልኛል፣ ቤቱን በሙሉ ለካሁበት' አለኝ» አሉ ጋሼ ተድላ። «ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። ውኃ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።»

ቃል በቃል የኔው መልስ ነበረች። ኩሽናው በር ላይ ሰናይት ፎጣ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን እየሳቀች ነው። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አልኳት በኋላ። ብነግርህማ ምኑን አወቅሁህ አለችኝ። ሶኬት ሶኬት ስል ዓይኔ ኩሽና ኩሽና ሲያይ ጋሼ ተድላም ከመጀመሪያው ቀን ነቅተውብኝ ኖሯል። አራት ወር ስጠፋ ግን በቃ ሌባ ነው ብለው ደምድመው ነበር።

እሁድ ቲኬት ቤቴ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ። ያን ቀን የማንን መኪና የት እንዳቆምኩ አላውቅም። ጋሼ ወርቁ ከሰዓት በኋላ መጡና እንዴት እንደነበረ ተረኩልኝ። ዘሬን አመሰገኑልኝ፣ ጠባዬን አመሰገኑልኝ። ከዚያ፣ እግዜር ይይላቸው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ የነካው ዕቃ ሁሉ ይድናል ብለው ጨመሩበት። ይህን ሲሉ ጋሼ ተድላ ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩ።

«ያላችሁትን ሁሉ አምኜ ተቀብያለሁ፣ ልጄንም ሰጥቻለሁ። የእጁን ነገር ግን ተዉት» አሉ።

ጋሼ ወርቁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ እንጃ አልኩ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ሮንዴላዋ ናት። ጋሼ ተድላ የላኩት መልእክትም አብሮ ነበር፤ የምትገባበትን እስኪያገኝላት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይፈልግ፣ ሎሚ ግን ይዞ እንዳይመጣ።

ይኸው ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ተድላ ጋር ሣጥኑን ከፍተን እንቀመጣለን። ሮንዴላዋ የሦስተኛው ብሎን መሆኗን ካወቅሁ ቆየሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አይጠይቁኝም።